ስለት

በተንደር ቤይ ከተማ፣ ጥር ሐይቁን ሲቆልፍ፣
ንፋስ ከእህል ጎተራው ጋር እየታከከ ሲያልፍ፣
ከሆኪው ሜዳ ስር፣ ከደረጃው ጓዳ፣
ኦላቪ ተቀምጧል፣ ለሰው እግር ብረት ስለት ሊያሰናዳ።

ልማር የሄድሁት ደብተር ሞልቼ ነው፤
ማዕዘኑ ስንት ዲግሪ፣ ድንጋዩ ስንት ዙር፣ ብረቱስ ከምን ነው፣
ሁሉን በቀይና በሰማያዊ ጽፌ አስምሬ፣
አርባ ሁለት ገጽ ጥያቄ ይዤ
ቆምሁ ከደጁ ላይ፣ በረዶ አራግፌ ከካፖርቴ ከፀጉሬ።

ደብተሬን ተቀበለኝ። ገለጠ። አጠፈ።
ከሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ስር ሸጎጠና አለፈ።
ጠረጴዛው ቆመ።
«ጥሩ ነው» አለኝ፣ «ጠቀመ።»

የመጀመሪያውን ወር ድንጋይ ጠረግሁበት።
ሁለተኛውንም ወር ድንጋይ ጠረግሁበት።
በሦስተኛው ላይ «አድምጪ» አለኝ፤
ሞተር እየጮኸ ምኑን ልስማ? ሰለቸኝ።
ብረት ድንጋይ ሲስት ድምፁ ይሻክራል፤
ሲገጥምለት ደግሞ፣ ሊፈላ እንዳለ ውኃ
ዝቅ ብሎ ያንጎራጉራል።
ያንን ለመስማት ብቻ በረዶው ቀለጠ፣ ተመልሶም ጣለ፤
እሱ ግን «ገና ነው፣ ጆሮሽ ገና ነው» አለ።

መለኪያው አንዲት ሳንቲም፤ መንግሥት ከገበያ ያስወጣት፣
ከረሜላ እንኳ የማትገዛ፣ ወድቃ ብትገኝ
ጎንበስ ብሎ ማንም የማያነሳት።
በሁለቱ ጠርዞች ላይ በጀርባዋ ያስተኛታል፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አድማሷን ያያታል።
ካዘነበለች፣ ብረቱን ይመልሰዋል።
ካላዘነበለች፣ በጥፍሩ ጫፍ ይዳስሰዋል፤
ስስ ቅራፊ ከጥፍሩ ከላጠ፣
ጫማው ተሰጠ።
ሌላ የለም። ሃምሳ ክረምት ድንጋይ፣ ሳንቲም፣ ጥፍር፤
የቀረው መሣሪያ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ ሲቆጥር።

ከዊኒፔግ ድረስ ሌሊቱን ነድተው የሚመጡ አሉ፤
«ምሥጢሩ ምንድን ነው?» ይላሉ።
ድንጋዩን ያሳያቸዋል። ይስቃሉ። ይከፍላሉ።
የደበቃቸው መስሏቸው ይሄዳሉ።

በሁለተኛው ክረምት እኔም ብልጥ ሆንሁ።
እሱ ምሳ ወጥቶ፣ ዳርያ መጣች በፍጻሜው ዋዜማ፣
ግብ ጠባቂዋ ልጅ፣ አስረከበችኝ ጥንድ ጫማ።
ያወቅሁትን ሁሉ አዘነብሁበት፤
አጠለቅሁ፣ አለሰለስሁ፣ ዘይት ቀባሁበት፣
መስታወት አስመስዬ ፊቴን አየሁበት።
በማግሥቱ ማታ፣ ከመስመሯ ጥቂት ስትወጣ፣
ስለቱ በረዶውን ነክሶ አልለቅም አለ፤
ተሸነፉ በዚያው ጣጣ።

ኦላቪ አልተቆጣም። ጫማውን አንስቶ፣
ሳንቲሟን አስተኝቶ፣
«ውብ ነው» አለ፣ «ያምራል። ግን ሦስት ሰው ነክቶታል፤
አንዷ ያነበበች፣ አንዷ የፈራች፣ አንዷ 'እዩኝ' ያለች።
ለድንጋዩ ቦታ ማን ይተውለታል?»

በአራት ምልልስ አስተካከለው። ቆጠርሁት፤ አራት።
አዲስ ነገር ፈለግሁ ከእጁ ላይ፣ ዓይኔን አፍጥጬበት፤
ያው እኔ የማውቀው ነው።
የኔ ሁሉ አለው፣ የኔ ትርፍ ግን የለበት።

በቋንቋዬ እኮ፣ ልነግረው ፈለግሁ፣ ቃሉ አንድ ነው፤
ቢላው የሚያወጣው ስለት ነው፣
ለታቦት የሚገባው ስለት ነው።
ብረቱም ተሳለ፣ ሰውየውም ተሳለ፤
አንዱ ተፍቆ ተፍቆ፣ አንዱ ቃሉን ጠብቆ፣
የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ለየ፣ ማን አስተዋለ?
በእንግሊዝኛ ሞከርሁ፤ የሱም የኔም አልበቃ፤
አንገቱን ነቅንቆ ዝም አለ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ።
ከዚያ «ድንጋዩን ጠረግሽው?» አለኝ።

ጠርጌው ነበር።
ደግሜ ጠረግሁት።